በነጠላ የበረርኩ ቀን

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ከጥቁር ሰሌዳ የገለበጥኩትን ካልቆጠርነው በቀር ከራሴ አውጥቼ አንድ መስመር ያሰፈርኩበት ቀን የለም። አሁን እንድጽፍ ያስገደደኝ ወሬ ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ስለ እኔ የሚወራውን የሰማ ሰው ቀንድ ያበቀልኩ ይመስለዋል። አንዱ «ሰማይ ላይ አድራ ወረደች» ይላል፤ ሌላው «ባለሥልጣን ከወንበር ፈነቀለች» ይላል። ሁለተኛው ትንሽ እውነት ስላለው፣ እውነቱን ከነመጠኑ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው።

ዝናሽ እባላለሁ። ስሙን ያወጡልኝ አባቴ ናቸው፤ ሲያወጡልኝ ገና አላወቁኝም ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስም ሲጠሩ «አቤት» የምለው ለራሴ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ቀሪ ሆኜ ከረምኩ። በመጨረሻም በቀሪ ብዛት ተሰናበትኩ። አባቴ «እንዴት ሳትቀሪ ቀሪ ሆንሽ?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ ለእሳቸው የሰጠሁት መልስም አልተሰማም።

ከጉና ተራራ ሥር ካለው ቀያችን ወርጄ ከተማው ዳር በተከፈተ የግላይደር ማሠልጠኛ በጽዳት ተቀጠርኩ። ግላይደር ማለት ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። በረጅም ሽቦ ተጎትቶ ይነሳል፤ ሽቦውን ከለቀቀ በኋላ ነፋስ ላይ እየተንሸራተተ እንደ አሞራ ይዞራል። ይህን ለማስረዳት አሠልጣኛችን ሻምበል አስናቀ፣ በወጣትነታቸው የጦር አውሮፕላን ያበሩ ሽማግሌ፣ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ከርመዋል። አንዱ ኃላፊ «ሞተር ከሌለው ገና አላለቀም ማለት ነው፤ ሲያልቅ ኑ» ብሎ መልሷቸዋል።

ሠልጣኞቹ ሦስት ወንዶችና አንዲት ከኮሌጅ የተመረቀች ልጅ ነበሩ። ልጅቱ ባሕር ዳር ሥራ አገኘችና ሄደች። ለበላይ ቢሮ የተላከው ሪፖርት ግን «ሴት ተካታለች» ብሎ ቀድሟት ሄዷል። ሪፖርት ደግሞ አይመለስም፤ ሰው ነው ሪፖርትን የሚከተለው። ጉዳዩን ሊያጣራ የመጣው ሰውዬ ግቢውን ቃኘና ክንፍ ስወለውል አየኝ።

«ይቺስ?» አለ።

«የጽዳት ሠራተኛ ናት» አሉ ሻምበል።

«ሴት ናት አይደል?»

«እሱስ ናት።»

«በቃ፣ ተካታለች።»

እኔን «ትፈልጊያለሽ?» ሲሉኝ መሬት መሬት አየሁ። በእኛ አገር መሬት ማየት እሺ ማለት ነው፤ እንቢ ማለትም ነው። እነሱ የሚበጃቸውን ወሰዱ። ግን አልዋሽም፤ ፈልጌ ነበር። ያንን ነጭ ክንፍ በየጠዋቱ እየወለወልኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ላይ ተከትዬው ብሄድ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ሁለት ግላይደር ነበረን። አንደኛው ሁለት ሰው የሚይዝ ማሠልጠኛ ነው፤ ተማሪ ከፊት፣ አሠልጣኝ ከኋላ። ሁለተኛው አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ቀጭን፣ ክንፈ ረጅም። ስም ያወጡላቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ የሽቦ መጎተቻውን ዊንች ከአሮጌ የጭነት መኪና ሞተር የሠሩልን የከተማው መካኒክ። ባለሁለቱን «ጋቢ»፣ ባለአንዱን «ነጠላ» አሉት። «ጋቢ ከባድ ነው፤ ያሞቃል፤ ሁለት ሰው ይከናነበዋል። ነጠላ ቀላል ነው፤ ብርድ ከመጣ ግን የራስህ ጉዳይ ነው» ይሉ ነበር።

በጋቢው የመጀመሪያው ችግሬ አቀማመጡ ነበር። እንዲያ ላሉ ሽማግሌ ጀርባዬን ሰጥቼ እንዴት እቀመጣለሁ?

«ሻምበል፣ እርስዎ ከፊት ይሁኑ።»

«ተማሪ ነው ከፊት የሚቀመጠው፣ ዝናሽ።»

«ኧረ አይሆንም።»

«በሞቴ ግቢ!»

ጋሽ ሰይድ ከዊንቹ ዘንድ ሆነው «ኧረ ተው! ሰርግ ቤት ደጃፍ አስመሰላችሁት እኮ!» ብለው ጮኹ።

ሁለተኛው ችግር ግን የከፋው ነው። በጋቢው ከሁለታችንም ፊት አንድ አንድ መሪ አለ፤ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውም ይንቀሳቀሳል። ሻምበል መሪውን ሲሰጡኝ «ያዥ» ይላሉ፤ እኔ «ያዝኩ» ብዬ መቀበል አለብኝ። እኛ ቤት ደግሞ የመጀመሪያ ግብዣ ግብዣ አይባልም። ብይ ሲሉሽ «በልቻለሁ» ነው፤ ደግመው ሲሉሽ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ነው፤ በሦስተኛው «በሞቴ» ሲመጣ ነው እጅ የሚዘረጋ። ስለዚህ ሻምበል «ያዥ» ይላሉ፣ ዝም። «ያዥ እንጂ!» ይላሉ፣ ዝም። «ያዥ አልኩሽ እኮ!» ሲሉ እይዛለሁ። እሳቸው መጀመሪያውኑ የያዝኩ እየመሰላቸው፣ ድምፅሽን አሰሚኝ ማለታቸው ነበር። እኔ ደግሞ ሲለምኑኝ ነበር የሚመስለኝ። እንዲህ እየተግባባን ወራት ሄዱ።

የፈተናው ቀን መጣ። ፈተና ላይ አሠልጣኝ አይጎተጉትም። ሽቦውን እንደለቀቅን ሻምበል አንድ ጊዜ «ያዥ» አሉና ዝም አሉ። እኔም አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ሁለተኛው አልመጣም።

ጧቱ ረጭ ያለ ነበር። ጋቢው ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ። ፀሐይ ያሞቀው ድንጋያማ ተረተር ላይ ስንደርስ ከሥር የሚነሳው ሞቃት አየር አንዱን ክንፍ ቀና አደረገውና ቀስ ብሎ መዞር፣ እየዞረም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። «ዛሬስ ሻምበል እንዴት ለስለስ አድርገው ያዙት» እላለሁ በሆዴ። ሻምበልም ከኋላዬ «ይቺ ልጅ እንዴት ለስለስ አድርጋ ያዘችው» ይላሉ በሆዳቸው። ለማረፍ ስንወርድ እኔ እጄን መሪው ላይ ጣል አድርጌ የእሳቸውን እንቅስቃሴ ተከተልኩ፤ እሳቸውም የእኔን ሲከተሉ ነበር። ማን ማንን እንደተከተለ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ስንወርድ ሻምበል ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም! ከዚህ በኋላ ጋቢ አያስፈልግሽም፤ በነጠላ ትበሪያለሽ!»

እንደምንም ምላሴን አላቅቄ «ሻምበል፣ እኔ እኮ አልያዝኩም ነበር» አልኩ።

«አያችኋት?» አሉ ወደ ሠልጣኞቹ ዞረው። «ትሕትናዋን አያችኋት?»

«እውነቴን ነው፤ እርስዎ የያዙት መስሎኝ…»

«ልጅ እንዲህ ነው የሚታነጽ! እናንተ አንድ ዙር ብትዞሩ ወሬያችሁ ለሳምንት ይተርፋል።»

ወደ ጋሽ ሰይድ ሄጄ ለእሳቸው ነገርኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ያዝኩ ያዝኩ ከሚለው ያልያዘው ስንት ነው! አንቺ ይዘሽ አልያዝኩም ትያለሽ። አላህ ይባርክሽ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ሪፖርት ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ፤ «ትሕትናዋ ለሌሎች አርአያ ነው» ብሎ መዘገበኝ። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ ጨዋ እየሆንኩ መጣሁ። ትንሽ ብቀጥል ሳይቀድሱኝ አይቀሩም ነበር። እንቢ ብዬ ወደ መጥረጊያዬ ልመለስ? ያንንም አሰብኩ። ግን አንድ ጊዜ ከላይ ያየ ሰው ወለል ሲያይ እንደ በፊቱ አይደለም። ሞትን እፈራለሁ፤ መቅረትን ደግሞ ጠግቤዋለሁ።

የማሠልጠኛው የምርቃት በዓል ሊደረግ ነው ተባለና ትልቅ ጨርቅ ላይ «ዝናሽ በነጠላ ትበራለች» ብለው ጽፈው አደባባይ ሰቀሉት። ወሬው አንበሳሜ ገበያ ሲደርስ «የጉና ልጅ ነጠላ ተከናንባ ከገደል ልትበር ነው» ሆነ። እናቴ ይህን ሰምታ በበነጋው ከተፍ አለች፤ በብብቷ አዲስ ጋቢ ይዛለች።

«መቼም መብረርሽ ካልቀረ» አለች እያለቀሰች፣ «ነጠላ ሳስቷል፤ ነፋስ ይቀደዋል። ወፍራሙን ልበሺ።»

«እማዬ፣ የአውሮፕላን ስም ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ጋሽ ሰይድ።»

«እሳቸው ካሉማ» አለችና ጋቢውን ግን አልመለሰችም። በበዓሉ ቀን ሻምበል አጥፈው ከጀርባዬ ደገፉኝ፤ መቀመጫው ለእኔ ጥልቅ ነበር። በጾሙ ክብደቴም ቀንሶ ስለነበር ሚዛን እንዲጠብቅ የገብስ ከረጢት ከሥሬ አሰሩ። ከኋላዬ ጋቢ፣ ከሥሬ ገብስ፤ በዓል ልጠይቅ የምሄድ ዘመድ መሰልኩ።

እንግዶቹ ከሜዳው ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ የክብር እንግዳው ግን አልደረሱም። ሻምበል «ነፋስ እንግዳ አይጠብቅም» ብለው አስነሱኝ። ጋሽ ሰይድ ሞተራቸውን አስጓሩ። ሽቦው ተወጠረ፣ ሣሩ ከሥሬ ሸሸ፣ ከዚያ ሰማይ ብቻ ሆነ። ከላይ ስደርስ ቢጫውን እጀታ ሳብኩ፤ ሽቦው ጠቅ ብሎ ተለየኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከኋላዬ የሚተነፍስ ሰው የለም። ዞር ብል ጋቢ ነው። የነጠላው አፍንጫ ወደ ላይ ቀና አለ፤ መሪውን ገፋሁት፤ አበዛሁት መሰል ወደ መሬት ተደፋ። መልሼ ሳብኩ። ነጠላ እንደ ጋቢ አይታገስም፤ በጣትሽ ያሰብሽውን ሳትጨርሺ እሱ አድርጎት ይገኛል።

ከፊቴ ያለው ሬዲዮ ኮሽኮሽ አለ። «ዝናሽ፣ እንዴት ነው?» አሉ ሻምበል።

«ሻምበል… ያን ቀን አልያዝኩም ነበር።»

«አሁንም ትሕትና?»

«ሦስተኛዬ ነው ስነግርዎ።»

ከዚያ በቀጭን ድምፅ «እኔም እኮ አልያዝኩም ነበር» አሉ።

«ታዲያ ማን ያዘው?»

«እመብርሃን!» አሉ ሻምበል።

ይህ ሁሉ ንግግር በድምፅ ማጉያ ለድንኳኑ ሰው ይሰማ እንደነበር አላወቅሁም። የመምህርና የተማሪ ትሕትና መስሏቸው ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ አሉ።

ሻምበል ድምፃቸውን አረጋጉ። «ስሚኝ ልጄ። እጅሽ መንገዱን ያውቀዋል፤ ከእኔ ጋር ስንት ጊዜ ወርዷል። አሁን ያዥ። አልደግመውም።»

እዚያ ላይ ሆኜ ሁለተኛውን ብጠብቅ የሚመጣው መሬት ነበር።

«ያዝኩ!» አልኩ። ስለው ራሴ ሰማሁት።

ያዝኩም። ክንፉ ተስተካከለ። ከጉና በኩል የሚመጣው አየር ከተረተሩ ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ሲነሳ፣ አንድ አሞራ ሲዞርበት አየሁና ተከተልኩት። ዝቅ ብዬ ሳይ የገብሱ ማሳና የቤቱ ቆርቆሮ አንድ ላይ ያበራል። ሰው ሁሉ እዚያ ታች ነው፤ እኔን የሚያይ፣ እኔ አንገቴን የምደፋለት ሰው አጠገቤ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀና ብዬ የቆየሁበት ረጅሙ ጊዜ ያ ነው።

ደስታዬን ያቋረጠው የመድረክ መሪው ነው። የሻምበልን ሬዲዮ ተቀብሏቸው ኖሯል።

«በሰማይ የምትገኘው እህታችን፣ ምን ተሰማሽ?»

«ነፋስ» አልኩ።

«ግሩም! እነሆ የክብር እንግዳችን ደርሰዋል። ንግግራቸው እስኪያበቃ ድረስ ባለሽበት ትቆሚያለሽ።»

«መቆም አይችልም።»

«አጭር ንግግር ነው።»

ከሩቅ የሻምበል ጩኸት ተሰማኝ፤ «ሞተር የለውም፣ አንተ ሰው!»

«ሞተር ከሌለውማ ንግግሩን አይረብሽም፤ ተስማምተናል» አለ የመድረክ መሪው።

አጭር የተባለው ንግግር ከአባይ ምንጭ ተነስቶ እስከ መጪው ትውልድ ሄደ። እኔ አሞራዬን እየተከተልኩ ስዞር ደመና ፀሐዩን ሸፈነ፤ ከሥር የሚነሳው አየር ሞተ። አሞራው ክንፉን መትቶ ሄደ፤ እኔ የምመታው የለኝም። ወደ ታች መውረድ ጀመርኩ።

ወደ ሜዳው ዞሬ ሳይ ወንበሩ ከቦታው የለም። የክብር እንግዳ ከሌላው እኩል ዳር ላይ መቀመጥ የለባቸውም ተብሎ፣ እኔ ከተነሳሁ በኋላ ወንበሩን ሁሉ ወደ ፊት አምጥተውታል። «ወደ ፊት» ማለት የማርፍበት ሣር ነው። ቀይ ምንጣፍ ሳይቀር አንጥፈዋል። እንግዳው ወረቀታቸው ረዝሞ ኖሮ ተቀምጠው ነው የሚያነቡት። ከግራ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ነው፤ ከቀኝ የድንጋይ እርከን። ሞተር የለኝም፤ ተመልሼ የምወጣበት ሁለተኛ ዕድል የለም። ወይ እነሱ ይነሳሉ፣ ወይ እኔና እነሱ አንድ ላይ እንቀራለን።

ሬዲዮውን ተጫንኩ።

«ይቅርታ… ካላስቸገርኩ… ለእኔ ብለው ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ…»

«ሰምታችኋል?» አለ የመድረክ መሪው። «ለክብር እንግዳችን ሰላምታ እያቀረበች ነው! ጨዋነቷን ተመልከቱ!»

ተጨበጨበ። እንግዳው ከወረቀታቸው ቀና ብለው እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

የክንፉን የአየር ፍሬን እጀታ ይዤ ዞርኩ። አሁን ፊት ለፊቴ ናቸው። አንዳንዱ ሰው እንደገባው ከላይ ይታየኛል፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ይቁነጠነጣል፤ ግን ማንም አይነሳም። ምክንያቱን እኔም አውቀዋለሁ። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ሳይነሳ ታናሽ አይነሳም። ቁልፉ እኚያ መሐል ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ የክብር እንግዳ ናቸው። በአንቱታ ደግሞ ሞክሬው ተጨብጭቦልኛል።

«አንተ!» አልኩ።

ከዚያ በፊት የሚበልጠኝን ሰው አንተ ብዬ አላውቅም።

«አንተ መሐል ላይ የተቀመጥከው! ተነስ! ተነስ ብያለሁ! ወግድ ከዚያ!»

ድምፅ ማጉያው አራት ነበር፤ አራቱም ወደ ውጭ የዞሩ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የዋርካ ወፎች ተነሱ አሉ። የክብር እንግዳው ወረቀታቸውን ጥለው ብድግ አሉ። እሳቸው ብድግ ሲሉ የተቀመጠው ሁሉ እንደ ተፈታ ጎርፍ ብድግ አለ። ጠባቂው፣ ካሜራ ያዡ፣ የአበባ ያዧ ልጅ፣ ሁሉም ወደ ዳር ፈሰሰ። የመድረክ መሪው ሲሮጥ እንኳ «የተከበራችሁ…» ሲል በሬዲዮው ይሰማኝ ነበር። እናቴ ብቻዋን ወደ መሐል ስትሮጥ ጋሽ ሰይድ በመቀነቷ ጎትተው መለሷት።

መሪውን አረጋጋሁ፤ ቀስ አድርጌ ቀና አደረግሁት። ጎማው መሬት ነካ፣ ነጠረ፣ እንደገና ነካ። ክንፌ የወንበሮቹን ራስ ሽው ብሎ አለፈ። አንድ የፕላስቲክ ወንበር ተገጭቶ ተገለበጠ፤ የጉዳቱ ሁሉ ድምር እሱ ነው። ቀዩ ምንጣፍ ላይ ተንከባልዬ ከንግግር ማድረጊያው ፊት ቆምኩ። በታሪክ ምንጣፉን እንደሚገባው የተጠቀመበት ሰው እኔ ነኝ።

መስኮቱን ከፍተው ሲያወጡኝ መጀመሪያ የደረሰችው እናቴ ነች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ስማ ስማ ስትጨርስ «አንቺ ባለጌ!» አለችኝ። «ሽማግሌ ሰው አንተ ይባላል? እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ?» ሻምበል ትከሻዬን ይዘው ቆሙ። ጋሽ ሰይድ ብቻ «አሁንስ ማን ያዘው?» አሉኝ።

«እኔ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ማንም ትሕትናዬን አላመሰገነም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይን አፋርነቴ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። ሱቅ ገብቼ «መልስ አልሰጡኝም» ለማለት ዛሬም ሦስት ጊዜ ምራቄን እውጣለሁ። ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት በሩን ዘግቼ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ አክብሮትና ዝምታ መንትያ መስለውኝ ነበር፣ አይደሉም። ሰው ማክበር ማለት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ስታዪው ምቾቱን አለመንሳት ከሆነ፣ ያ ለጠላትም አይመከርም። አሁን እኔም ከጋቢው ወደ ነጠላው የሚሻገሩ ልጆችን አግዛለሁ፤ የመጀመሪያ ትምህርቴም «ያዥ ሲሉሽ ግብዣ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ነው» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ መሪ ፊታችሁ ተቀምጦ ሁለተኛውን ጥሪ እየጠበቃችሁ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ያለው ሰው እናንተ የያዛችሁት መስሎት ተዝናንቶ እንዳይሆን ዞር ብላችሁ ጠይቁ።

በዚያ ቀን መጨረሻ ያነጋገሩኝ የክብር እንግዳው ነበሩ። ሁሉም ሰው ዛሬ ይቺ ልጅ ወደ መጥረጊያዋ ትመለሳለች ብሎ ጠብቋል፤ እኔም ጭምር። ጠባቂዎቻቸውን ወደ ኋላ አስቀርተው፣ በጭቃ የተነከረ ጉልበታቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ። አንገቴን ደፍቼ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አንተ ብዬዎታለሁ» አልኳቸው። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ይቅርታ አትጠይቂ፣ ልጄ። ይህን ሁሉ ዘመን በዙሪያዬ የቆመው ሰው ሁሉ ‹ይቀመጡ› ነው የሚለኝ። ‹ተነስ› የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ እኔ እኮ ድሮ ተነስቼ ነበር።»